ውሃ ደጃፍ ላይ ሲደርስ

 

የባሕር ጉዳይ ለሰቆጣ ሰው ምኑ ነው? ጥያቄው የእኔ ሳይሆን ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ የአንድ ተማሪዬ ነው። የጂኦግራፊው ትምህርት የዓለም ባሕሮች ወለል ከፍ እያለ መምጣቱ ላይ ደርሶ ነበር። «ቲቸር፣ እኛ እኮ ተራራ ላይ ነን፤ ለፈተና ካልሆነ በስተቀር ይህ ምን ያደርግልናል?» ሲል ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ግን የጠየቀው ከልቡ ነበርና መልስ ይገባዋል። እውነቱን ነው፤ ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የሚያሰጋት ባሕር የለም። ሆኖም ውሃ ወደ ደጃፉ የመጣበትን ሰው ለማየት ከዋግ ኽምራ መውጣት አያስፈልግም።

በቅድሚያ የባሕሩን ነገር በአጭሩ እንይ። ጉዳዩን የሚከታተሉ የዓለም ሳይንቲስቶች እንዳረጋገጡት፣ እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ውስጥ የባሕሮች ወለል በአማካይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ይህ የአንድ ጎልማሳ ሰው ስንዝር ቢሆን ነው። ምክንያቱም በዋናነት ሁለት ነው። አንደኛው ውሃ ሲሞቅ መጠኑ መጨመሩ ነው፤ እስከ አፉ የተሞላ ድስት ገና ሳይፈላ ጠርዙን አልፎ እንደሚፈስ ባለ ቤቶች ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው በየብስ ላይ ተጋግሮ የኖረው በረዶ ቀልጦ ወደ ባሕር መግባቱ ነው። ስንዝር ትንሽ ይመስላል። ሜዳ በሆነ የባሕር ዳርቻ ላይ ግን ብዙ ማሳ ይሸፍናል፤ ማዕበሉም ከፍ ካለ ወለል ተነስቶ ስለሚመጣ ወደ መንደር ርቆ ይገባል፤ ጨው የገባበት ጉድጓድም ከእንግዲህ አይጠጣም።

አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ የባሕር ጠረፍ የላትም። ከውጭ የሚገባው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው የሚያልፈው። በዋግ የዕርዳታ ስንዴ ተሰፍሮለት የሚያውቅ ቤተሰብ ሁሉ ያ ስንዴ ከመርከብ ሲራገፍ ባያይም እንኳ ከባሕር ዳርቻ ሰዎች ጋር በአንድ ገመድ ታስሯል። ይህ አንድ መልስ ነው። ለተማሪዬ የሰጠሁት ግን ሌላውን፣ ቀረብ ያለውን ነበር። እርሱም የተከዜ ነገር ነው።

የተከዜ ግድብ ሥራ በ1990ዎቹ አጋማሽ ተጀምሮ በኅዳር ወር 2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ቁመቱ 188 ሜትር ሲሆን 300 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ሲሞላ ከ9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይይዛል። ግንቡ ያለው በትግራይ በኩል ቢሆንም፣ ወደ ኋላ የተኛው ውሃ በሸለቆው ውስጥ እየተጠማዘዘ እኛ ዞን ድረስ፣ በተለይም ወደ አበርገሌና ዝቋላ ወረዳዎች ይዘልቃል። የዓለም ባሕር ስንዝር ለመነሳት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። የተከዜ ውሃ በገደሉ ውስጥ ከመቶ ሜትር በላይ ለመነሳት ከጥቂት ክረምቶች በላይ አላስፈለገውም። በበጋ ሱሪውን ጠቅልሎ ተከዜን ይሻገር የነበረ ሰው ያለ ጀልባ የማይሻገረው ሐይቅ ፊት ለፊት ቆመ። ፍየል ጠባቂው፣ ማሽላ ዘሪው፣ ንብ አንቢው በአንድ ትውልድ ዕድሜ እንኳ ሳይሆን በዓመታት ውስጥ የሐይቅ ዳርቻ ነዋሪ ተባለ።

አካባቢው ገደል ስለሆነ ውሃው ትላልቅ ከተሞችን አልዋጠም። ነገሩ ቀላል የሚመስለውም ለዚህ ይመስለኛል። ዳርቻ ግን እንዲሁ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ሙያ ነው። የጣና ሰዎችን ተመልከቱ። በባሕር ዳርና በአካባቢው የሚኖሩት ወንድሞቻችን ነገደ ወይጦዎች ከደንገል ታንኳ መሥራትን፣ ውሃው መቼ እንደሚቆጣ፣ ዓሣው በየትኛው ወር ወዴት እንደሚሄድ ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ለዘመናት በሙያቸው የተናቁ መሆናቸውን እዚህ ላይ ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም፤ የሚያሳፍረው የሚንቃቸውን ነው። እነርሱ በብዙ ትውልድ የተማሩትን የአበርገሌ ወጣት በአንድ ሳምንት ሥልጠና እንዲማር ስንጠይቀው ኖረናል። መረብ ሰጥተን ዋና ሳናስተምር፣ ጀልባ ሰጥተን ሲቀደድ የሚጠግን ሰው ሳናዘጋጅ «ዓሣ አምራች ሆኗል» ብሎ መመዝገብ ተገቢ አይደለም። በኮረብታ ያደገ ልጅ ዋና አያውቅም። ተከዜ ደግሞ አዞ ያለበት ውሃ ነው፤ ዳርቻውም ተዳፋት ነው። ልጅን ዋና ማስተማር በሙስሊሙ ዘንድ የአባት ኃላፊነት ተደርጎ ሲነገር የኖረ ነገር ነው፤ ለዋግ ቆላ አባቶች ዛሬ የተጻፈ ይመስላል።

ሌላም አለ። የዚህ ሐይቅ ዳርቻ ባለበት አይረጋም። ክረምት ሲሞላ ወደ ላይ ይወጣል፤ ኃይል ሲመነጭበት በበጋ ብዙ ሜትር ይወርዳል፤ ኋላው ጭቃ ይቀራል። ትናንት ጀልባ የታሰረበት ቦታ ከወራት በኋላ ከውሃው ሩቅ ይሆናል። ውሃ ቀጂዋ እናት በዚያ ጭቃ ውስጥ እንስራዋን ተሸክማ መውጣት አለባት። ቢንቢም ከውሃው ጋር ትመጣለች። በትግራይ ትንንሽ ግድቦች አካባቢ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት፣ ለግድብ ቅርብ በሆኑ መንደሮች የሚኖሩ ልጆች ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ ሰባት እጥፍ ያህል በወባ እንደሚያዙ አሳይቷል። እንግዲህ ውሃ ሲመጣ አጎበርና የወባ መድኃኒት አብረው ካልመጡ፣ የተገኘው ገቢ በሕክምና ያልቃል።

ይህን ሁሉ የምለው ሐይቁን ለማማረር አይደለም። ሐይቁ አልሐምዱሊላህ ሲሳይም ነው። ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ ነጭ ዓሣው ሞልቶበታል፤ በማኅበር ተደራጅተው ከዚህ የኖሩ ወጣቶች በሁለቱም ወረዳዎች ነበሩ። ችግሩ ከውሃው እስከ ድስቱ ያለው መንገድ ነው። የተከዜ ዳር ሞቃት ቆላ ነው። እዚያ የተያዘ ዓሣ በረዶ ካላገኘ የሚቆየው ሰዓታትን ነው። በረዶው መብራት ይፈልጋል፤ መብራቱ ከዚያው ውሃ ቢመነጭም ሽቦው በየመንደሩ አልወረደም። መኪና የሚጠበቅበት መንገድ ረጅም ነው። ስለዚህ ዓሣ አጥማጁ ወይ ባገኘው ዋጋ ይሸጣል፣ ወይ ይጥለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የዋግ ሴቶች ቋንጣ መዘልዘልን ከእናቶቻቸው የተማሩ ናቸው። ጨው ደግሞ ለሰቆጣ ባዕድ አይደለም፤ ከአፋር ዝቅተኛ ስፍራ በግመልና በበቅሎ ይወጣ የነበረው አሞሌ ሰቆጣን በጥንት ዘመን የታወቀች የጨው ገበያ አድርጓት ነበር። (ያ የጨው ሜዳ ራሱ በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር ገብቶበት የደረቀ መሆኑን ለልጆች መንገር ደስ ይለኛል። ባሕር አገራችን ድረስ የመጣበት ጊዜ ነበር።) ዓሣን ሰንጥቆ፣ አጥቦ፣ ጨው ነስንሶ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ከዝንብ በሚከላከል መረብ ሸፍኖ ማድረቅ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ፀሐዩ በነፃ አለ። የፍሪጅ መኪና እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ፣ ሴቶቹ የያዙትን ሙያ አንድ እርምጃ ወደፊት መውሰድ ይቀላል። እኔ ከብዙ ዕቃ ርዳታ ይልቅ የምመርጠው እንዲህ ዓይነቱን ነው።

የመብላቱም ነገር አለ። በደጋው ዓሣ ያልለመደ ቤት ብዙ ነው። «ይሸታል» ይባላል፤ «እሾሁ ልጅ ያንቃል» ይባላል። የሚሸተው ያደረ ዓሣ ነው። ትኩስ ዓሣ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ ነው፤ ይህን ያላሟላውን አትግዙ። ለሕፃን ሲሆን ቀቅሎ በእጅ እየፈለፈሉ እሾሁን መልቀም፣ ከዚያም ከገንፎው ወይም ከሽሮው ጋር ማዋሐድ ነው። ደግሞ በአገራችን ሥጋ ሲቀርብ የሚነሳው «የማን ቢላ ነው?» የሚለው ጥያቄ በዓሣ ላይ አይነሳም። ዓሣ መታረድ አያስፈልገውም። በሰቆጣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት በአንድ ማዕድ ሊቆርሱት የሚችሉት ወጥ ቢኖር ይኸው ነው።

ለምን ይህን ያህል ስለ ዓሣ አወራለሁ? በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን ውሳኔ አወጣ። ዓላማው እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ማስቀረት ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሥራም በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነበር የተጀመረው። የከተማችን ስም በዓለም መድረክ የሚጠራው በልጆቻችን ቁመት ማጠር ምክንያት መሆኑ ያሳዝናል። የተቀነጨረ ልጅ ቁመቱ ብቻ አይደለም የሚቀረው፤ አእምሮውም በሚገባው ልክ አያድግም፤ እኛ መምህራን ይህንን ክፍል ውስጥ እናየዋለን። በአንድ በኩል ዓሣ የሚበሰብስበት ዳርቻ፣ በሌላ በኩል ከዚያ ብዙ በማይርቅ መንደር ፕሮቲን ያላገኘ ሕፃን፤ በመካከሉ ያለው መንገድ፣ ጨውና የአሠራር ዕውቀት ነው።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት ደግሞ የተጀመረውን ሁሉ አስተጓጎለ። ሐይቁ በሁለት ክልሎች መካከል ያለ ነውና መረብ ይዞ ወደ ውሃው መውረድ የሚታሰብ አልነበረም። ከአበርገሌ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎ ሰቆጣ መጣ፤ በድንኳን የኖሩትን አይተናል። ውሃ ያላፈናቀለውን ጥይት አፈናቀለው። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቁ ሰሃላን፣ ዝቋላንና አበርገሌን ክፉኛ መታ። ከብት አለቀ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው። ያን ያህል ሐይቅ እያለ እንዴት ድርቅ? ሐይቁ ያለው ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ማሳው ያለው ከላይ ነው። ውሃን ሽቅብ ለመውሰድ ሞተር፣ ለሞተሩ ነዳጅ ያስፈልጋል፤ ነዳጁም ከሰቆጣ በላይ ተጉዞ ነው የሚመጣው። ዳርቻው ወጣ ገባ ስለሚል የሞተሩ ቦታም አይረጋም። ውሃ ማየትና ውሃ ማግኘት የተለያዩ ናቸው። ጨዋማ ባሕር አጠገብ ተቀምጦ የሚጠማ የባሕር ዳርቻ ሰው ይህን ሳይነገረው ይረዳዋል።

እስቲ አሁን ወደ እነዚያ ሰዎች እንሻገር፤ ከእነርሱ የምንወስደው አለና። ባንግላዴሽ አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነ፣ መሬቷ ዝቅ ያለ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1970 የተነሳው የባሕር ዐውሎ ነፋስ ከ300,000 ያላነሰ ሰው ገደለ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ የበጎ ፈቃድ ጠባቂዎች አደረጃጀት ተመሠረተ። ጠባቂዎቹ የዚያው መንደር ሰዎች ናቸው፤ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ በድምፅ ማጉያ፣ በየመስጂዱ ማይክሮፎን እየተናገሩ ሕዝቡን ወደ ተሠሩት መጠለያዎች ይወስዳሉ። በኋላም ሴቶች ጠባቂዎች በብዛት ገቡበት፤ እናት ልጆቿን ይዛ ባዕድ ወንድ ወደሞላበት መጠለያ ለመሄድ ታመነታ ነበርና። በ2007 ከባድ ነፋስ ሲመጣ የሞተው ከ3,000 በላይ ነበር፤ በ2020 ሌላ ከባድ ነፋስ ሲመጣ በአሥሮች የሚቆጠር ብቻ ሆነ። ነፋሱ አልደከመም፤ ባሕሩም አልወረደም። የተለወጠው ሰው ቀድሞ ማወቁና የሚሸሽበት ማግኘቱ ነው። ገበሬዎቹም ውሃ በሚተኛበት ምድር ላይ የውሃ አረም ደልድለው የሚንሳፈፍ የአትክልት መደብ የመሥራት የቆየ ልማድ አላቸው፤ ውሃው ሲነሳ መደቡም ይነሳል።

እኔን የሚገርመኝ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከውጭ የመጣው ጥቂቱ መሆኑ ነው። የራሳቸው ጎረቤት፣ የራሳቸው መስጂድ፣ የራሳቸው አረም ነው። ርዳታው ያገዘው በዚያ ላይ ተጨምሮ ነው።

«የአላህ ቀድር ነው፣ ምን ይደረጋል?» የሚሉ አባቶች አሉ። በአክብሮት እንዲህ እላቸዋለሁ፦ የግመሉን ሐዲስ የማያውቅ የለም፤ ነብዩ ዩሱፍም (ዐ.ሰ.) ረሃቡ እንደሚመጣ ሲያውቁ ጎተራ አዘጋጁ እንጂ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። መዘጋጀት ከተወኩል ጋር አይጣላም።

ለዋግ ምን ይሁን ታዲያ? ሥልጠና ከተባለ አሠልጣኙ ከቢሮ ከሚመጣ ይልቅ ከጣና ዳር የመጣ ዓሣ አጥማጅ ቢሆን፣ ከነመረቡ ወራት ቢቀመጥ፣ የሚናገረውም ለአገሬው በኽምጣንጛ ቢተረጎም ይሻላል። የሐይቁ ውሃ ሊሞላ ወይም ሊወርድ ሲል ዳር ያለው ሰው ቀድሞ ይወቅ፤ ገበያ ላይ፣ መስጂድና ቤተ ክርስቲያን ላይ ይነገር። የሚረሳው ግን የላይኛው ደጋ ሥራ ነው። የዋግ ተራራ አፈር በየክረምቱ እየታጠበ የሚወርደው ወደዚያው ሐይቅ ነው። ደለል የሞላው ሐይቅ ዓሣም መብራትም አይሰጥም። በየዓመቱ በበጋ ወራት ሕዝቡ በነቂስ ወጥቶ የሚሠራው የድንጋይ እርከን፣ ከከብት ንክኪ ነፃ ተደርጎ የተከለለው ጋራ፣ ለላይኛው አርሶ አደር ማሳውን ያድንለታል፤ ለታችኛው ደግሞ ሐይቁን። በጋዝጊብላ የሚካብ ድንጋይ ለአበርገሌ መረብ ይጠቅማል። ይህን ለተማሪዎቼ በካርታ ሳሳያቸው በጣም ይገባቸዋል።

ከአገር ውጭ ያላችሁ የዋግ ልጆች፣ በጂዳም በሪያድም ሆናችሁ፣ ድርቅ በተሰማ ቁጥር ለዱቄት ገንዘብ ማዋጣታችሁን አላህ ይቀበላችሁ። በጭንቅ ጊዜ ዱቄት ይቀድማል። ዝናብ በዘነበበት ዓመት ግን ማንም አይደውልም። ለአንዲት ማኅበር መረብ፣ ለማድረቂያ ቆጥ ሽቦና ጨው፣ ለልጆች ዋና የሚያስተምር ሰው አበል መላክ የሚሻለው ያን ጊዜ ነው።

በመጨረሻም አንድ ጥያቄ ለእህቶች። በባሕር ዳር፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በአርባ ምንጭ ያላችሁ ለልጅ የሚሆን የዓሣ አሠራር፣ በተለይም የደረቀ ዓሣን ጨው አስለቅቆ ከሽሮ ጋር የማዋሐጃ ዘዴ የምታውቁ ለዝግጅት ክፍሉ ጻፉልን። መጠኑን በስኒና በማንኪያ አድርጉት፤ በሰቆጣ ኪሎ የሚመዝን ወጥ ቤት የለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።